የመጨረሻው ተመዛኝ

በዚያ ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያውቋት ሁሉ «ሚዛኗ» ይሏታል። ስሟ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ሥራዋ ስሟን ዋጠው እንጂ። አውሮፕላኗ ትንሽ ናት፣ ማኮብኮቢያው አጭር ነው፣ ፊት ለፊት ደግሞ ተራራ ተገትሯል። ስለዚህ ሻንጣ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይመዘናል። ባለሥልጣኑም ተማሪውም ተራ በተራ ብረቱ ላይ ይወጣል፤ እሷ መርፌውን አይታ ትጽፋለች። ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ትንፋሽ ኪሎ ያለው ይመስል። ወንዶቹ ደግሞ «ጫማዬ ነው እኮ!» ይላሉ።

በመጠባበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ ቀለሙ የደበዘዘ ሰሌዳ አለ። የወዲያኛው ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገርና ከሥሩ «የበረራ ጊዜ፦ አርባ ደቂቃ» ይላል። በመኪና ከሆነማ ተዉት! ገደሉን ዞሮ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ መንገድ ላይ አድሮ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ነው።

ጠጋኙን ያወቀችው በሳጥኑ ነው። የሆስፒታል ማሽን ይጠግናል፤ አንዱን ሳምንት እዚህ፣ ሌላውን እናቱ በሚኖሩበት በወዲያኛው ከተማ ይሠራል። መጀመሪያ የመጣ ዕለት የብረት ሳጥኑን ሚዛኑ ላይ ሲያሳርፈው መርፌው ዘለለ።

«ወንድሜ፣ እዚህ ውስጥ ሰው አለ እንዴ?» አለችው።

«መፍቻ ነው እህቴ።»

«የምን መፍቻ? የተራራ?»

ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን ሳጥኑን በእግሩ ከለል አድርጎ ቆመ፣ ልጁን ሊቀሙት እንደመጡበት ሰው።

«ግማሹን ትተህ ሂድ» አለችው።

«ከልጆችሽ ግማሹን ትተሽ ሂጂ ብትባዪ እሺ ትያለሽ?»

«ልጅ የለኝም።»

«እንኳን!» አለ። ካፉ እንዳመለጠው ገባውና ጆሮው ድረስ ቀላ። እሷም ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች፤ ግን ያን ቀን የስንቱን ሰው ኪሎ አጥፍታ እንደጻፈች እሷ ታውቃለች።

ከዚያ ወዲህ ጠጋኙ ሁልጊዜ መጨረሻ መምጣት ጀመረ። ሰው ሁሉ ተመዝኖ ወደ ውስጥ ሲገባ እሱ ብቻ ይቀራል፤ እሷም ብቻዋን ትቀራለች። አውሮፕላኗ እስክትሰናዳ ድረስ ያቺ ጥቂት ጊዜ የነሱ ናት። አንዳንዴ ቀድሞ ቢመጣ እንኳ «ቆይ፣ አንተን መጨረሻ ነው የምመዝነው» ትለዋለች። እሱም ደስ ብሎት ከአግዳሚው ጫፍ ይቀመጣል።

«ይኼ ሰሌዳ ውሸታም ነው» አላት አንድ ቀን፣ ወደ ግድግዳው እያመለከተ። «መሄጃው አርባ ደቂቃ ነው፣ እሺ። መመለሻው ግን ሳምንት ይፈጃል።»

«አንተ ሥራ ይዘህ ትውላለህ። እዚህ ቁጭ ብሎ ሰማይ ሰማይ የሚያየው ሰውስ?»

እሱም ከአግዳሚው ተነስቶ አብሯት ሰማዩን ማየት ጀመረ። 

ሳልና ፍቅር አይደበቅም። ብዙም ሳይቆይ እናቱ ቁጥሯን ከልጃቸው ተቀብለው ደወሉና «ልጄን በሚዛን የያዝሽው አንቺ ነሽ?» አሏት። ሳቃቸው ወፍራም ነበር። «እኔም መጥቼ ልመዘን፣ ግን ሰው እያየ አይሆንም።» እሷም ከሳቀች በኋላ ስልኩን ዘግታ ዓይኗን ጠረገች። የገዛ እናቷን ገና በልጅነቷ ያጣች፣ ከታላቅ እህቷ ጋር የምትኖር ሴት ናት። እንደዚህ የሚጫወታት እናት አግኝታ አታውቅም።

አሁን የማይነገረውን ልንገራችሁ። አንድ በጣም የሞቀ ቀን የጠጋኙ ሳጥን ከልኩ አለፈ። ሙቀት ሲሆን አውሮፕላን ከመሬት መነሳት ይከብዳታል፤ ይህን እሷ አሳምራ ታውቃለች። ግን ወዲያ ማዶ የአንድ ሆስፒታል የኦክስጅን ማሽን ቆሟል፤ እሱ ደግሞ እንደዚያ እያየ ይለምናታል። መርፌው ያለውን ትታ አሳንሳ ጻፈች። አውሮፕላኗ ሜዳውን እስከ ጫፉ ጨርሳ፣ የአጥሩን ቁጥቋጦ በጎማዋ ልትነካ ጥቂት ሲቀራት ተነሳች። ሚዛኗ ደጅ ቆማ ሁሉንም አየች።

በማግስቱ ካፒቴኑ ሲመጡ ሄዳ ነገረቻቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ቁጣቸው እንኳ ቀስ ያለ ነው።

«ልጄ» አሏት፣ «ከወረቀቱ ያነሳሽው ኪሎ ከአውሮፕላኑ አልወረደም። እኔ የማየው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱን የማምነው ደግሞ አንቺን ስለማምን ነው።»

ሌላ አላሉም፤ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ለጠጋኙም «ሁለተኛ እንዳትለምነኝ፣ ብትሞት አላደርገውም» ብላ አስምላ ተወችው።

ታዲያ የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ደረሰ።

ያን ቀን ጠጋኙ ከሁሉም ቀድሞ መጣ። ሳጥኑን ተሸክሞ ሳይሆን እየጎተተ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው?» አለች፣ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ።

«እማዬ። ጎረቤት ደውላ ነው። ከአልጋ አትነሳም፣ ስሜን ነው የምትጠራው ብላኛለች። ድረስ ነው የምትለኝ።»

ሚዛኗ እጁን ያዘችው፤ በሥራ ቦታ ሰው እያየ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። እጁ በረዶ ነበር። በሩ ላይ ሌሎች ተሳፋሪዎች መግባት ጀመሩ፣ ሰልፉም ተሠራ። እሷ ግን በዚህ ፊቱ መዝናው፣ ከሰው መሐል አስገብታ፣ ግድግዳ አስደግፋ ልትተወው አልሆነላትም።

«ቆይ» አለችው። «ተቀመጥ፣ ውሃ ጠጣ። አንተን መጨረሻ እመዝንሃለሁ። ትንሽ አብረን እንሆናለን።»

እሱም እንደልማዱ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ። ውሃ አሳስቆ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሰዉን ሁሉ መዝና ጨርሳ የጠጋኙን ሳጥን ሚዛኑ ላይ ስታሳርፍ ካፒቴኑ ገቡ፤ እጃቸው ላይ የአየር ጠባዩ ወረቀት አለ።

«ከተራራው በላይ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው የሚመጣብን» አሉ። «አርባ ደቂቃ ሳይሆን አንድ ሰዓት ብንበር ነው። ነዳጅ አስጨምሬያለሁ።»

ሚዛኗ ወደ ዝርዝሯ ዞረች። የሁለቱ ከተሞች ርቀት እንደሆነ አይለወጥም፤ ጊዜው ግን የነፋስ ነው። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ጉዞው ይረዝማል፤ ሲረዝም ነዳጅ ይጨመራል፤ ነዳጅ ሲጨመር ሰው ይቀነሳል። የሚቀነሰው ደግሞ የመጨረሻው ተመዛኝ ነው፤ ደንቡ ይኸው ነው። እሷ ራሷ ስንቱን «ይቅርታ፣ ወረፋ ነው» ብላ መልሳለች።

ጠጋኙም ገባው። «ሳጥኑ ይቅር!» አለና ከሚዛኑ ላይ ገፍቶ ጣለው። መፍቻዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ያ እንደ ልጅ የሚሳሳለት ሳጥን! እሷ ቶሎ ደመረች። አልበቃም። ጫማውን አወለቀ፣ ካፖርቱን አወለቀ።

«ምንም አይለውጥም» አለችው። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም።

የውስጠኛውን ክፍል የመስታወት በር ከፍታ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞረች። «እባካችሁ! እናቱ ሊሞቱ ነው። የእናት ነገር ነው፤ አንድ ሰው ቦታውን ይልቀቅለት!»

ያመመው ሕፃን የታቀፈች እናት ልጇን አጥብቃ ያዘች። ለዓይናቸው ሕክምና ቀጠሮ የያዙ አዛውንት ዱላቸውን ማየት ጀመሩ። ሌላው ስልኩን፣ ሌላው ጣሪያውን አየ።

«መጀመሪያ የመጣው እሱ ነው! እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት!» ብላ ጮኸች።

አንድ ጎልማሳ ተሳፋሪ ቀስ ብሎ መለሰላት። «እህቴ፣ አዝናለሁ። ግን አንቺ ባጠፋሽው እኔ ልውረድ? እኔም የሚጠብቀኝ አለ።»

 እውነቱን ነው።

ጠጋኙ ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት። በካልሲው ነው የቆመው። 

«አሳንሰሽ ጻፊ።»

«አትበለኝ።»

«ለመፍቻ አድርገሽልኛል። ለብረት! ለእናቴ አታደርጊልኝም?»

«ያን ቀን ልገድልህ ነበር። እነዚያን ሁሉ ልገድል ነበር።»

«አልሞትንም እኮ! ይኸው ቆሜያለሁ። ያንቺ ብዕር ነው የቀረኝ፤ ሌላ ምንም የለኝም። እንደ እናትሽ ነበር የምትጫወትሽ… ረሳሽው?»

አልረሳችውም። ያ ወፍራም ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ብዕሯን አነሳች። በመስታወቱ ወዲያ ያ የታመመ ሕፃን በእናቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ያያታል። ካፒቴኑ በሩ አጠገብ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል፤ ሆን ብለው ይመስላል። ወረቀቱን የማምነው አንቺን ስለማምን ነው ብለዋታል።

«አልችልም» አለች። «ይቅር በለኝ። አልችልም።»

ጠጋኙ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ጫማውን አደረገ፤ ክሩን ሳያስር ወጣ። ቀጣዩ በረራ ከስንት ቀን በኋላ ስለሆነ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ሮጠ። መፍቻዎቹ ወለሉ ላይ ቀሩ። እሷ ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው፤ እንባዋ ብረቱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

ይህም ሳያንሳት፣ ከቀትር በፊት ከወዲያኛው ማረፊያ ስልክ ተደወለ፤ እዚያ ያለው መዛኝ ነው። «ደርሰዋል» አላት። «ነፋሱ መንገድ ላይ ለቀቃቸው አሉ። ይኸው እንደወትሮው፣ በአርባ ደቂቃ።»

ስልኩን እንደያዘች ቀረች። በአርባ ደቂቃ! የተጨመረው ነዳጅ ሳይነካ ደርሷል ማለት ነው። እሱን ይዘው ቢነሱ ኖሮ ይደርስ ነበር? ወይስ ከአጥሩ ይቀሩ ነበር? ይህን የሚያውቅ የለም። የማይታወቅ ነገር ደግሞ ሰው ይበላል።

ጠጋኙ በሁለተኛው ቀን ሲደርስ እናቱ ከተቀበሩ አንድ ቀን ሆኗቸው ነበር።

ይህንንም የሰማችው ከሰው ነው። ስትደውልለት አያነሳም። መልእክት ትልካለች፣ መልስ የለም። ሳምንቱ ሲደርስ አልመጣም፤ ወር ሞላ፣ አልመጣም። ሆስፒታሉም ሌላ ጠጋኝ ላከ፤ ቀለል ያለ ቦርሳ የያዘ ልጅ እግር። እሱን ስትመዝን ዓይኗን ከመርፌው ላይ አላነሳችም።

«ብዪ እንጂ» ትላታለች እህቷ ማዕድ ላይ። «ሰው ደንብ አክብሮ ይሞታል እንዴ?»

«በትክክል መጻፌ አይደለም የሚቆጨኝ» አለቻት አንድ ቀን፣ ማንኪያዋን አስቀምጣ። «ዛሬም ቢሆን አሳንሼ አልጽፍም። የሚያንገበግበኝ ‹ቆይ› ማለቴ ነው። ቀድሞ መጥቶ ነበር፣ እትዬ። ከሁሉም ቀድሞ! ዝም ብዬ ብመዝነው ኖሮ የሚቀረው ሌላ ሰው ነበር። ከኔ ጋር ትንሽ እንዲቀመጥ ብዬ እናቱን አሳጣሁት።»

እህቷ እጇን ያዘቻት። ከዚያ ቀን በኋላ ሚዛኗ «ቆይ» የሚለውን ቃል ለማንም ተናግራ አታውቅም። ተሳፋሪ ሲቸኩልባት «አንድ ጊዜ» ትላለች፣ ወይም እጇን ታነሳለች። ሳጥኑን ጠርጋ፣ መፍቻዎቹን ዘይት ቀብታ፣ ከጠረጴዛዋ ሥር አስቀምጣዋለች። እግሯ በነካው ቁጥር ወንበሯን ወደ ኋላ ትስባለች።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ያ የወዲያኛው መዛኝ ደወለ። «ጠጋኝሽ ዛሬ ከተሳፋሪዎቼ አንዱ ነው፤ መጀመሪያ ነው የመጣው» አለና ሳቀ።

አቤት ያቺ አርባ ደቂቃ! ፀጉሯን አሰረች፣ ፈታች፣ መልሳ አሰረች። ይቅርታ የምትልበትን አፍ ስታዘጋጅ ሌላው ይጠፋባታል። አውሮፕላኗ አረፈች። ደረጃው ወረደ። አንድ ሰው ወረደ፣ ሁለት፣ አንዲት ሴት ከልጇ ጋር፣ ሌላ ሰው። ከዚያ በኋላ የወረዱት ካፒቴኑ ናቸው።

«የት አለ?» አለቻቸው።

«ተሳፍሮ ነበር። ወረደ።»

«ለምን?»

«እሱ ራሱ ቢነግርሽ ይሻላል» አሉና ትከሻዋን መታ አድርገው አለፉ።

እግዜር ያሳያችሁ! ሰው ከተሳፈረበት የሚወርደው ሐሳቡን ቢለውጥ አይደለም? ሊመጣ ቆርጦ፣ ገብቶ ተቀምጦ፣ ፊቷን ሊያይ መሆኑን ሲያስበው አስጠልቶት መውረዱ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሆነች ቀጭን ተስፋ ነበረቻት፤ እሷም ተበጠሰች። ዕቃ ክፍል ገብታ በሩን ዘግታ፣ አፏን በእጇ አፍና አለቀሰች። ሳጥኑን ለሆስፒታሉ ልትልክለትም ወሰነች፤ ከዚህ በላይ ከእግሯ ሥር ልታየው አትችልም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ በረራ በሌለበት፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ሚዛኑን እየወለወለች ነበር። በሩ ተከፈተ። አቧራ የለበሰ ሰው ገባ። ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ነው። ቀጥ ብሎ መጥቶ ብረቱ ላይ ወጣና ቆመ።

እሷ ጨርቁን እንደያዘች መርፌውን አየች። ሌላ የምታየው አልነበራትም፤ ፊቱን ለማየት ፈርታለች።

«ከስተሃል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ካውሮፕላኑ ወረድክ አሉኝ። ፊቴን ላለማየት…»

«በመኪና ነው የመጣሁት። ሁለት ቀን ሙሉ።»

«ለምን?»

ከሚዛኑ አልወረደም። ወገቡን ይዞ ጀመረ። «የዚያ የወዲያኛው መዛኝ አመዛዘን አይተሽዋል? ዘመዱ ሁለት ጆንያ ይዞ መጣ። መርፌው ላይ ዓይኔን ጥዬ ነበር፤ ካንቺ ነው የተማርኩት። ሰውዬው መርፌውን እንኳ አላየም፤ ዝም ብሎ ጻፈ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ቀበቶዬን አሰርኩ። ከፊቴ አንዲት ሴት ልጇን አስተኝታለች። አልቻልኩም። ተነስቼ ለካፒቴኑ ‹እንደገና ይመዘን› አልኳቸው። ተመዘነ፤ ከልክ በላይ ሆነ። ጆንያዎቹ ወረዱ፣ አሁንም አንድ ሰው ይወርዳል ተባለ።»

«አንተ እኮ መጀመሪያ ነበርክ። ወረፋው አይነካህም።»

«አይነካኝም። መጨረሻ የነበረው አንድ ወታደር ነው፤ ሚስቱ ልትወልድ ነው ብሎ ይለምናል። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እኔም አየሁ፤ መሬቱን። ያኔ ነው የገባኝ። ያን ቀን አንቺ ብቻ ነበርሽ ቀና ብለሽ ያየሽን፤ እኔንም፣ እነሱንም። ስንት ወር ሙሉ ‹ፈረደችብኝ› እያልኩ ነበር። ወረድኩለት። በእግሬ ወደ መናኸሪያ ስሄድ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። ደግሞም…» እጅጌው ላይ ያለውን አቧራ አራገፈ። «አንቺ ባልመዘንሽው አውሮፕላን መሄድ ፈራሁ።»

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።

«እናትህን ግን አሳጥቼሃለሁ» አለች። «መርፌውን አልቆጭበትም። ‹ቆይ› ስላልኩህ ነው። ቀድመህ መጥተህ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረሁህ።»

አሁን ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እኔም አስቤዋለሁ። ስንት ጊዜ! ግን ያን ቀን መላ ሰውነቴ ሲንቀጠቀጥ ያረፍኩባት ቦታ ያቺ የአግዳሚ ጫፍ ብቻ ነበረች። ‹ቆይ› ስትይኝ ደስ ብሎኝ ነው የተቀመጥኩት። እማዬም ብትሰማ ‹ደግ አደረገች፣ ልጄን ውሃ አጠጣችልኝ› ነበር የምትለው። ታውቂያታለሽ።»

ታውቃቸዋለች። ሁለቱም አለቀሱ፤ እሱ ብረቱ ላይ ቆሞ፣ እሷ ጠረጴዛውን ተደግፋ። ወራት ሙሉ ለየብቻ ያለቀሱትን አብረው አለቀሱት። በመካከላቸው የነበረው ስንት ተራራና ገደል አሁን የአንድ ጠረጴዛ ስፋት ሆኗል፤ ያችን ግን ማንኛቸውም ቶሎ አልተሻገሩም።

ጎንበስ ብላ ሳጥኑን ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ አወጣች። ከፍቶ አየው። መፍቻዎቹ ያበራሉ።

«ዘይት ቀብተሻቸዋል።»

«ልጆችህ አይደሉ?»

ሳቅና እንባ ባንድ ላይ መጣበት። ከዚያ ከሚዛኑ ወርዶ ሳጥኑን አንስቶ ቆመ። ወዴት እንደሚሄድ ያላወቀ ሰው ይመስላል፤ በሩን አየ፣ እሷን አየ።

«ዛሬ በረራ የለም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ወረፋም የለም።»

«አውቃለሁ።»

አንድ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ወራት ሙሉ አፏ ላይ እንዳይመጣ ስትሸሸው የኖረች ቃል ናት። ፈራች። እጇን ልታነሳ ቃጣት፣ እንደለመደችው። ግን እጇን አወረደችና አፏን ከፈተች።

«ቆይ» አለችው።

ጠጋኙም ሳጥኑን አስቀምጦ፣ ከአግዳሚው ጫፍ፣ ከድሮው ቦታው ተቀመጠ።